ከኦሳካ የመጣው እንጉርጉሮ

ቦንጋ የገባሁት መንግሥት በተለወጠ በአራተኛው ዓመት፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ታይፒስት ሆኜ ተመድቤ ነው። አውቶቡሱ የጎጀብን ድልድይ ሲሻገር ዝናብ ጀመረ፤ ቦንጋ ወርጄ፣ መሥሪያ ቤቴን ጠይቄ፣ ክፍል ተከራይቼ፣ አልጋ ገዝቼ እስክጨርስ ድረስም አላባራም። የደብረ ብርሃን ልጅ ስለሆንኩ ብርድ አውቃለሁ። የታጠበ ልብስ አምስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበት አገር ግን አላውቅም ነበር።

የተከራየሁት ከአንድ የቀድሞ ወታደር ግቢ ነው። ከተማው ሁሉ ሃምሳ አለቃ ይላቸዋል። እዚያው ካፋ ውስጥ የማንኪራ መንደር ተወላጅ ናቸው። በአሥራ ስምንት ዓመታቸው ለወታደርነት ተመዝግበው ከካፋ ወጡ፤ ጣቶቻቸው ረጃጅም መሆናቸውን ያየ አንድ መኮንን ጠመንጃውን አስቀምጦ ጊታር አስያዛቸው። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት በጦሩ ኦርኬስትራ ውስጥ ተጫወቱ። ዘማች ሲሸኝ፣ ቁስለኛ ሲጠየቅ፣ ጄኔራል ሲመጣ እሳቸው መድረክ ላይ ናቸው። «በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱዳንኛ ሳይቀር ተጫውቻለሁ» ይሉ ነበር። «በእናቴ ቋንቋ ተጫወት ያለኝ ግን የለም።» ሠራዊቱ ሲበተን ጊታራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከሰሜን ጫፍ እስከ ቦንጋ መጡ። ሲደርሱ እናታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸው ነበር። የነገራቸው ሰው አልነበረም።

እንጀራቸው ታፔላ መጻፍ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ የመሥሪያ ቤት ስም ሁሉ ተለውጦ ስለነበር ሥራ አላጡም። የካፋው ቋንቋ ካፊኖኖም በላቲን ፊደል መጻፍ ጀምሮ ነበርና ቢሮዎቹ ታፔላቸውን በሁለት ቋንቋ ያሠራሉ። ሃምሳ አለቃ የካፊኖኖውን መስመር በወረቀት ተጽፎ ከተሰጣቸው ላይ፣ ፊደል በፊደል፣ እንደ ሥዕል ነበር የሚገለብጡት። አንድ ቀን ብሩሻቸውን ነዳጅ ውስጥ እያጠቡ «ልጅ ሆኜ የእኛ ቋንቋ የሚጻፍ አይመስለኝም ነበር» አሉኝ። «አሁን እኔው እየጻፍኩት ማንበብ አቃተኝ።» ሲናገሩትም ቢሆን ይደነቃቀፋሉ። ገበያ ውስጥ ካፊኖኖ ጀምረው መሐል ላይ ቃል ሲያጡ፣ በአማርኛ ሲሞሉት፣ ሕፃናት ሲስቁባቸው አይቻለሁ። አይቆጡም። ዕቃቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በኖርኩበት የመጀመሪያው ዓመት አንድም ቀን ሲያወርዱት አላየሁም።

ያወረደው ጃፓኑ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህር ነበር፤ በበጎ ፈቃድ ለሁለት ዓመት መጥቶ የሚያስተምር፣ ዕድሜው አርባውን ያለፈ፣ ዝናብ የማይፈራ ቀጭን ሰው። አማርኛ ሲማር «እርስዎ» የሚለውን ሳይማር ስለቀረ ሽማግሌውንም ኃላፊውንም «አንተ» ይል ነበር፤ እኛም በዚያው «አንተ» አልነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለቤተ ሙከራው በር ታፔላ ሊያዝ መጣ። እኔ ታዛው ሥር ልብስ አጥባለሁ። ሃምሳ አለቃ መለኪያቸውን ሊያመጡ ሲገቡ ጃፓኑ በበሩ ወደ ውስጥ ተመለከተና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይህን ከየት አገኘህ?» አላቸው ጊታሩን እያሳየ።

«ከጦሩ ነው። ዕድሜ ልኬን ከእኔ ጋር ነው።»

«ከሀገሬ ነው። እኔ ከተወለድኩበት አጠገብ ያለ ፋብሪካ ነው የሠራው።»

አስፈቅዶ አወረደው። ከክሮቹ ሁለቱ ተበጥሰዋል፤ የቀሩትን ዝገታቸውን እያራገፈ በሸሚዙ ጫፍ ጠረጋቸውና ቃኛቸው። ከዚያ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ተጫወተ። ከኤሌክትሪክ ጋር ስላልተያያዘ ድምፁ እንደ ትንኝ ነው፤ እጄን ከውኃው አውጥቼ ተጠጋሁ። ዝግ ያለ ነገር ነበር። አንዱን ክር በጣቱ እየገፋ ድምፁን ያጥፈዋል፤ ድምፁ ሊያለቅስ ሲል ይተወውና ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት መልስ የሚጠብቅ ይመስላል።

«ትዝታ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«አይደለም። ብሉዝ።»

ሃምሳ አለቃ ሳቁ። «ብሉዝማ እናውቃለን። መብራት ደብዘዝ ተደርጎ ሴትና ወንድ ተቃቅፈው የሚጨፍሩበት ነው።»

ጃፓኑም ሳቀ። «በሀገሬም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር። ቀስ ያለውን ዘፈን ሁሉ ብሉዝ አልነው። ሌላ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅነው።»

በየቅዳሜው መምጣት ጀመረ። አማርኛው እየተሻሻለ ሲሄድ ታሪኩን በቁርጥራጭ ነገረን። ኦሳካ በምትባል ከተማ ተማሪ ሳለ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ባንድ ነበረው። የአሜሪካ ጥቁሮችን ሸክላ እየሰሙ፣ ትርጉሙን የማያውቁትን ቃል በጆሮ እየለቀሙ ይዘፍኑ ነበር። ኮፍያቸውን እንኳ እንደ እነዚያ ሰዎች አዘንብለው ነበር የሚደፉት። አባቱ አሳ ነጋዴ ነበሩ። አንድ ቀን ልምምዱን ሰምተው «የማታውቀውን ሰው ሞት እንዲህ ካለቀስክ፣ እናትህ ስትሞት በምን ልታለቅስ ነው?» አሉት። ያን ጊዜ ተናደደ። ከዓመት በኋላ ግን አራቱም ተስማምተው በኦሳካ የገበያ አማርኛ ዘፈኑ፤ «የገበያ አማርኛ» ያልኩት እሱ እንዳለው ነው፤ በሬዲዮ የማይነገረውን፣ አሳ የሚሸጥበትንና የሚሰዳደቡበትን የሰፈሩን አነጋገር ማለቱ ነበር።

«ሰው ምን አለ?» አልኩት።

«መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ አንድ አሮጌ ሾፌር አለቀሰ። ከዚያ ሌሎች ባንዶች እንደዚህ መዝፈን ጀመሩ፣ ብዙ ባንዶች። ከዚያ ቴሌቪዥን ላይ ያሉ ትልልቅ ዘፋኞች እዚህ ጋ» ክሩን ገፋ፤ «ይህን ድምፅ ወሰዱ። አሁን በሀገሬ ማንኛውም ዘፈን ውስጥ ትንሽ አለ። ሰው ከየት እንደመጣ አያውቅም።»

«እናንተስ?» አሉ ሃምሳ አለቃ።

«እኔ አስተማሪ ሆንኩ። አንዱ ጓደኛዬ የጭነት መኪና ይነዳል። አንዱ ሞተ።» አራተኛውን አልነገረንም።

የባንዳቸውን አንድ ካሴት ይዞ መጥቶ ነበር። አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ሱቅ ሄደን ሰማነው። ሬዲዮ ጠጋኙ ከቴፕ ስብርባሪና ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር የሠራ፣ በመኪና ባትሪ የሚያስጮኸው፣ ከተማው ውስጥ ካሴት የሚያባዛ ሰው ነው። ጊታሩን ከዚያ ነገር ጋር ያያያዙት ቀን ሃምሳ አለቃ አንድ ድምፅ መቱና እጃቸውን አነሡ። ከዓመታት በኋላ መሰማቱ ነው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እኔ እንዴት እንደገባሁበት አላስታውስም። ልብስ ሳጥብ አንጎራጉር ስለነበር ሃምሳ አለቃ «ነይ እስቲ» አሉኝ መሰለኝ። የጃፓንኛውን ግጥም ከካሴቱ እያዳመጥኩ በአማርኛ ፊደል ወረቀት ላይ ለቀምኩት፤ በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ቢሮ ቀርቼ በጽሕፈት መኪናዬ አሳምሬ መታሁት። «አሜ» ዝናብ ማለት እንደሆነ ጃፓኑ ሲነግረኝ «እሱንማ ሳይነገረኝም አውቄው ነበር» አልኩት። ሌላውን ሳይገባኝ ዘፈንኩት። ሦስት ወር እሑድ እሑድ ከሰዓት ተለማመድን፤ ሃምሳ አለቃ በጊታር፣ ሬዲዮ ጠጋኙ ጀሪካን በቆዳ ወጥሮ በሠራው ከበሮ፣ እኔ በድምፅ። ጃፓኑ ጥግ ይዞ በእግሩ ምት ይቆጥራል።

አንድ እሑድ ሃምሳ አለቃ ዘግይተው መጡ። ሳይቀመጡ፣ «ዛሬ የሱን አንዘፍንም» አሉ። የካፊኖኖ ግጥም ነበር ያመጡት። ሌሊት ሌሊት ባለቤታቸውን እትዬን ቃል ሲጠይቁ እንደከረሙ በኋላ እትዬ ነገሩኝ። «እማዬ፣ መጣሁልሽ፤ ደጅሽ ላይ ግን የሚያውቀኝ የለም» ነው የሚለው ወደ አማርኛ ሲመለስ። «ያስተማርሽኝን ቃል ፈለግኩት፤ አፌ ውስጥ አጣሁት።» ሁለተኛው ስንኝ ልጄ ለቡና ለቀማ ይመጣል እያለች በየዓመቱ መንገድ የምታይ እናትን ይናገራል። ሦስተኛው ምን ይል እንደነበር በኋላ እነግራችኋለሁ፤ ወይም አልነግራችሁም፤ ዛሬ አላስታውሰውምና።

ድምፃቸው የሻከረ ነው፤ ዘፋኝ አልነበሩም። ግን ካፊኖኖው ሲደነቃቀፍባቸው፣ ቃል ሲጠፋባቸው፣ ጊታሩ ያን የጠፋውን ቃል ይፈልግላቸው ነበር። በካፋ ለቅሶ ላይ እናቶች ድምፃቸውን ሰብረው እንደሚያወርዱት ክሩን ገፍተው ያወርዱታል። እኔ ከኋላ እየተቀበልኩ አዜምኩ። ሲያልቅ ጃፓኑ አላጨበጨበም። ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣቸው፤ መሬት ሊነካ እስኪደርስ። ሃምሳ አለቃ ምን እንደሚያደርጉ ጠፍቷቸው እሳቸውም ጎንበስ አሉ።

ለሰው መጀመሪያ ያሰማነው ሺሺንዳ ከተማ ለሠርግ ተጠርተን ነው። ምሳ ተበልቶ ጭፈራው ሲደራ ዝናብ ወረደና ድንኳኑ ውስጥ ተጨናንቀን ተቀመጥን። ሃምሳ አለቃ «አሁን ነው» አሉኝና ጀመሩ። ሠርገኛው ግራ ተጋባ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ጃፓኑ እንዳለው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንዲት አሮጊት ሰው እየገፉ መጥተው አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡና በካፊኖኖ የማን ልጅ እንደሆኑ ጠየቋቸው። ነገሯቸው። አሮጊቷ አላወቋቸውም፤ ሆኖም እዚያው ተቀምጠው የራሳቸውን ሰው አለቀሱ። የሙሽራው አባት «ሠርግ ላይ ለቅሶ!» ብለው ተቆጡ። ወዲያው ደግሞ «እስቲ ድገሙት» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያየ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም። ሬዲዮ ጠጋኙ ዘፈኑን ቀድቶ ማባዛት ጀመረ። ሾፌሮች ወሰዱት። ቢታ ገነት ገበያ ውስጥ ሰው ሲያንጎራጉረው ሰምቻለሁ። የትምህርት ቤቱ ክበብ ልጆች በክራር ላይ ክር እየገፉ ድምፅ ማጠፍ ተለማመዱ፤ ብዙ ክር በጠሱ። የአንዱ ቸርች መዘምራን ያንኑ ቅላጼ መዝሙራቸው ውስጥ አስገብተው ሽማግሌዎቹ ገሠጿቸው ተባለ። ከኦሳካ የተነሣ፣ ከዚያም በፊት ከአሜሪካ የተነሣ ነገር፣ የጎጀብን ጭቃ ተሻግሮ የካፋ ሰው እንጉርጉሮ ውስጥ ገባ። ሃምሳ አለቃም ገበያ ውስጥ ሲያልፉ ልጆች አልሳቁባቸውም።

ጃፓኑ ሁለት ዓመቱ አልቆ ሄደ። የጊታር ክር በጥቅል ትቶላቸው፣ የእኛን ካሴት ይዞ። አውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆኖ «ለጓደኞቼ አሰማለሁ» አለ።

አሁን የእኔን ሥራ ልናገር።

ጃፓኑ ከሄደ በዓመቱ ለአንድ የባህል በዓል ዝግጅት እንግዶች ከአዲስ አበባ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ሙዚቃ አቀናባሪ ነበር፤ የብዙ ታዋቂ ዘፋኞችን ካሴት ያቀናበረ፣ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ቆዳ ጃኬት የለበሰ። የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ የምጽፈው እኔ ስለነበርኩ በዕረፍት ሰዓት አጠገቤ ሻይ ይዞ ቆመ። ዘፋኝ መሆኔን ከየት እንደሰማ እንጃ። ካሴቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ሁልጊዜ እይዘው ነበር። በመኪናው ቴፕ ሰማው። ሁለት ጊዜ ሰማው።

«ማን ነው የደረሰው?»

«ሃምሳ አለቃ ናቸው። ያከራዩኝ ሰውዬ።»

«ስሚ፣ ይህን ልውሰደው። ለሚያሳትም ሰው አሰማዋለሁ። አንቺንም እናስመጣሻለን፤ ድምፅሽ እዚህ ጭቃ ውስጥ መቅረት የለበትም።»

«ልጠይቃቸው?»

«ይደርሳል። መጀመሪያ ይሳካ፤ ያለዚያ ሽማግሌውን ተስፋ ማስያዝ ነው።»

ሰጠሁት። ለሃምሳ አለቃ ብዬ ነው የሰጠሁት እያልኩ ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ውሸቴን ነው። መውጣት ፈልጌ ነበር። የማይደርቅ ልብስ ሰልችቶኝ፣ ጽሕፈት መኪናው ሰልችቶኝ፣ ከአውቶቡስ ድምፅ ማጉያ የራሴን ድምፅ መስማት አምሮኝ ነው። የስልክ ቁጥር ጽፎ ሰጠኝ። ደወልኩ፤ ሦስት ጊዜ «የለም» ተባልኩ። አራተኛ አልደወልኩም፤ ለሃምሳ አለቃም አልነገርኳቸውም። በየቀኑ አብረን እንበላ ነበር።

ስምንት ወር ያህል ቆይቶ፣ የገበያ ቀን፣ ሃምሳ አለቃ አውቶቡስ ተራው አጠገብ መሰላል ላይ ወጥተው ለአንድ ሻይ ቤት ስም ይጽፋሉ። እኔ ወደ ገበያ ሳልፍ ቆሜ አወራቸዋለሁ። ከጅማ የገባው አውቶቡስ በሩን ሲከፍት ሙዚቃው ወጣ። የእሳቸው ዜማ ነው። ፈጥኗል፤ ኪቦርዱ ጊታሩን ተክቶ ይጨፍራል፤ ስሙ የገነነ አንድ ዘፋኝ በአማርኛ ስለ አንዲት ጠይም ቆንጆ ይዘፍንበታል። ያ የሚታጠፈው ድምፅ እንኳ አልቀረም፤ እናታቸውን የጠሩበት ቦታ ላይ «የኔ ማር» ይላል። የቡና ለቀማው ስንኝ ላይ ሴቶች እልል ይላሉ።

ሃምሳ አለቃ ብሩሻቸውን እንደያዙ ሰሙት። እስኪያልቅ ድረስ ሰሙት።

«ፈጥኗል» አሉ።

መሰላሉን በእጄ ያዝኩ።

«ማን ሰጠው?»

«እኔ ነኝ።»

ወደ ታች አዩኝ። ያን ጊዜ ቢጮሁብኝ ደስ ባለኝ። «ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አይፈቅዱም ብዬ ነው።»

«እፈቅድ ነበር» አሉ። ቀስ ብለው ነው ያሉት። «አንቺ ወጣት ነሽ። ሂጂበት እል ነበር።» ከዚያ ወደ ታፔላው ተመለሱ። አንድ ፊደል ዘልለው ጻፉ፤ ባለቤቱ በማግሥቱ መልሶ ጠራቸው።

በዚያው ሰሞን ከጃፓኑ ደብዳቤ ደረሰን፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ ፎቶግራፍ ያለው። ሦስት ጎልማሶች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ መሐላቸው ቴፕ አለ። የእናንተን ዘፈን ስንሰማ ነው ይላል። ጓደኛው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ በኦሳካ አነጋገር ሊዘፍነው እየሞከረ ነው፤ ሃምሳ አለቃ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቋል። አንብቤ ተረጎምኩላቸው። ፎቶግራፉን ብዙ አዩት። «ይህ ጠየቀ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ይፈቀድላችኋል ብዬ መልስ ጻፍኩ፤ ይድረስ አይድረስ አላወቅኩም። ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። እኔም ደግሜ አልጻፍኩም፤ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

መቅረት ነበረብን፤ ግን ቢታ ገነት ለሠርግ ቃል ገብተን ነበርና ሄድን። ያን ቀን ዝናብ አልነበረም፤ ሰው በሜዳው ሞልቷል። ሃምሳ አለቃ እንደ ወትሮው ጀመሩት፤ ቀስ አድርገው፣ በካፊኖኖ። አንደኛው ስንኝ ሳያልቅ ሚዜዎቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንዱ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ ይህ የካሴቱ ዘፈን አይደለም እንዴ? ምነው አበላሻችሁት?»

ሬዲዮ ጠጋኙ «የካሴቱ ነው ከኛ የተወሰደው!» አለ።

ልጁ ከልቡ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም፤ ቀልድ መስሎት ነው። «በሉ በአማርኛው አድርጉት። ሞቅ አድርጉት!»

ሬዲዮ ጠጋኙ እንጨቱን አስቀመጠ። እኔ ወደ ሃምሳ አለቃ ተመለከትኩ። ሃያ ዓመት ተጫወት ሲባል የተጫወተ ሰው ናቸው፤ ትእዛዝ ያውቃሉ። «ሠርግ ነው» አሉ። «ዝፈኚው።» ዘፈንኩት። የኔ ማር አልኩ። ሜዳው ሙሉ ጨፈረ። እሳቸው በኪቦርዱ ፍጥነት፣ አንድም ሳይስቱ፣ ዓይናቸውን የሆነ ቦታ ተክለው ተጫወቱ። ሦስት ጊዜ ተደገመ።

ስንመለስ መኪናው ላይ «ጃፓኑ ነግሮን ነበር እኮ» አሉ። «እኛ ነን ያልሰማነው።» ቦንጋ ደርሰን ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለው ወደ ግድግዳው መለሱት። ከዚያ በኋላ ሲያወርዱት አላየሁም።

የቀረው ሳይጣደፍ፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሆነ። ከጅማ ኪቦርድ ይዞ ጄኔሬተር ጭኖ የሚመጣ አንድ ሰው ብቻውን ሠርግ ይሞላ ጀመር፤ ባንድ የሚጠራ ጠፋ። ሬዲዮ ጠጋኙ ልጆች ስላሉት ለሰውዬው ድምፅ ማጉያ ያከራይ ነበር፤ አልፈረድኩበትም። ባዶ ካሴት እንደልብ ስለማይገኝ ሰው የእኛን ካሴት ወደ እሱ እያመጣ አዲሱን ዘፈን በላዩ ያስቀዳበት ነበር። አንድ ቀን ሱቁ ገብቼ ዋናውን ቅጂ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ። «በስህተት ነው» አለኝ። «ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ።» የእኔም ካሴት አዲስ አበባ ቀርቷል። የሃምሳ አለቃ ድምፅ ያለበት አንድ ቁራጭ ክር ካፋ ውስጥ ይኑር አይኑር ዛሬም አላውቅም።

ታፔላውም ቀረ። ቢሮዎቹ የታተመ ጨርቅና ፕላስቲክ ከጅማ ማሠራት ጀመሩ። የሃምሳ አለቃም ቀኝ ትከሻ መሰላል አልችል አለ። የቦንጋውን ግቢ ለቀው ከባለቤታቸው ጋር ማንኪራ፣ የሟች ወንድማቸው ቦታ ላይ ገቡ። እኔ ሌላ ክፍል ተከራየሁ። ዘፈን አልደፈርኩም፤ ሰው ሲጋብዘኝ ጉሮሮዬን አሞኛል እላለሁ። እያደር እውነት ሆነ።

ከዓመታት በኋላ የዝውውር ደብዳቤዬ ሲደርሰኝ ማንኪራ ሄድኩ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር አሳቤ፤ መንገዱን ሙሉ ቃሉን ሳስተካክለው ነው የሄድኩት። ደብተርም ይዤ ነበር፤ የዘፈኑን ግጥም አስነግሬ ልጽፈው። ቀፎ ከዛፍ አውርደው ጭስ ጭስ እየሸተቱ አገኘኋቸው። ጎረቤታቸውን በካፊኖኖ አነጋገሩት፤ ቃል አልጠፋባቸውም፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልተደነቃቀፉም። ማር አቀረቡልኝ። ስለ መንገዱ ጠየቁኝ፤ ስለ አዲሱ ምድቤ ጠየቁኝ። ጊታሩ ጓዳ ውስጥ ከጆንያ ጋር ቆሟል፤ እርጥበት አንገቱን አጣሞታል።

«ሃምሳ አለቃ፣ ያን ዘፈን ልጽፈው ነበር» አልኩ በመጨረሻ። «ሁለቱን ስንኝ ይዣለሁ። ሦስተኛው ጠፍቶኛል።»

አሰቡ። ወይም ያሰቡ መሰለኝ። «ረሳሁት» አሉ።

«ትንሽ እንኳ?»

«ረሳሁት፣ ልጄ።»

እውነት ረስተውት ይሁን፣ ለእኔ ሊሰጡኝ ሳይፈልጉ ቀርተው ይሁን፣ ፊታቸውን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ይቅርታውም አፌ ውስጥ ቀረ። ዝናብ ሲያንዣብብ ተነሣሁ። እስከ ወንዙ ሸኙኝ፤ ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት ክንዴን ይዘው አሻገሩኝና «መንገዱ ሳይመሽብሽ» ብለው ተመለሱ።

መሞታቸውን የሰማሁት ሌላ ከተማ ሆኜ፣ ከቦንጋ ከመጣ ሾፌር ነው። ከተቀበሩ ሁለት ወር ሆኗቸው ነበር። ቀብሩ ላይ ማን እንደተገኘ ጠየቅኩት፤ የመንደሩ ሰው ነው አለ። የዘፈነላቸው፣ ያዜመላቸው ሰው ነበር ወይ አልኩት። ሾፌሩ ጥያቄዬ አልገባውም። «ሙዚቀኛ ነበሩ እንዴ?» አለኝ።